በክፍሉ በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ለምን ሕመምተኛ ይባላል?

በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት አንድ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው የተወለደበት ዓመት እየታየ ነው። በጃንዋሪ የመጀመሪያ ቀናት የተወለደውና በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ የተወለደው ልጅ አንድ ክፍል ይመደባሉ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይይዛሉ፣ በአንድ መለኪያም ይመዘናሉ፤ በመካከላቸው ግን አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ብቻ የቀሩት የዕድሜ ልዩነት አለ። ተመራማሪዎች በዚያ ግዛት የ937,943 ልጆችን የሕክምና መረጃ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር፣ በአጭሩ ኤዲኤችዲ፣ አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ ይበልጣል። በሴቶቹ ዘንድ ልዩነቱ 70 በመቶ ነው። ነገሩ መድኃኒት እስከ መታዘዝ ሲደርስ ደግሞ ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ ለወንዶቹ 41፣ ለሴቶቹ 77 በመቶ።

ይህ የአንድ አካባቢ አጋጣሚ ነው እንዳይባል፣ በአሜሪካ ተመሳሳይ ጥናት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ትምህርት ለመጀመር እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን አምስት ዓመት መሙላትን በሚጠይቁት ግዛቶች፣ በኦገስት የተወለዱት ማለትም ለጥቂት ደርሰው የገቡት ልጆች፣ በሴፕቴምበር ከተወለዱት ይልቅ ችግሩ አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ34 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ የመግቢያ ቀን በሌለባቸው ግዛቶች ግን በኦገስትና በሴፕቴምበር በተወለዱት መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። በዴንማርክም ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ በዚያ አገር ወላጆች ገና ያልበሰለ የመሰላቸውን ልጅ አንድ ዓመት አቆይተው ማስገባታቸው የተለመደ ነው።

በተፈጥሮ የሚመጣ የአእምሮ እድገት ችግር የትምህርት ቤት ምዝገባ ቀን አይቶ ልጅ አይመርጥም። ስለዚህ በእነዚህ አኃዞች ውስጥ ልጅነታቸው እንደ ሕመም የተቆጠረባቸው፣ በየቀኑም መድኃኒት እንዲውጡ የተደረጉ ልጆች መኖራቸውን ለመቀበል ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም። እነማን እንደሆኑ በስም መለየት አይቻልም፤ መኖራቸው ግን የሚካድ አይደለም። ጥርጣሬዬ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ በዚህ ጽሑፍም ጥርጣሬው እስከ የት እንደሚሄድና የት ላይ መቆም እንዳለበት በተቻለኝ መጠን በጥንቃቄ ላስረዳ እፈልጋለሁ።

እኔ የታችኛው ክፍል መምህር ነኝ። አንድ ልጅ ለዚህ ምርመራ ሲቀርብ ለወላጅና ለመምህር የሚላከው መጠይቅ በየጊዜው እጄ ይገባል። በወረቀቱ በአንድ በኩል ዓረፍተ ነገሮች ተደርድረዋል፤ «ከመቀመጫው ይነሳል»፣ «ሲያነጋግሩት የማይሰማ ይመስላል»፣ «ዕቃውን ይጥላል»፣ «ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ይሰጣል»፣ «ተራውን መጠበቅ ይቸግረዋል»። በሌላው በኩል አራት ሳጥኖች አሉ፤ በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ በጣም ብዙ ጊዜ። ከሁሉ የሚከብደው «ብዙ ጊዜ» የሚለው ሳጥን ነው። ከምን አንጻር ብዙ? ወረቀቱ አይነግረኝም። መምህሩ በዓይነ ኅሊናው የሚያመጣው ክፍሉን ነው፤ ያን ልጅ የሚያስተያየው አጠገቡ ከተቀመጠው፣ ምናልባትም ከአስር ወር በፊት ከተወለደው ልጅ ጋር ነው። በስድስት ዓመት ልጅ ሕይወት ውስጥ አስር ወር ማለት እርሳስ አጨባበጡን፣ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ ማዳመጡን፣ ልቅሶውን መዋጡን የሚለይ ጊዜ ነው። መጠይቁም አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ ድካም በተጫነው ሰው እጅ ነው። ከዚያ ምልክቶቹ ይደመራሉ፤ ድምሩም ቁጥር ሆኖ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ክብደት ያገኛል።

የላቦራቶሪ ውጤት ግን አይደለም። ኤዲኤችዲን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም፤ የአንጎል ምስልም ለአንድ ልጅ ችግሩ አለበት ወይም የለበትም ብሎ ለመወሰን አይበቃም። ያለው መንገድ ጠባይን መመልከትና ከተጻፈ መስፈርት ጋር ማስተያየት ብቻ ነው። በመስፈርትነት በሰፊው የሚያገለግለው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሚያወጣው መመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 እትሙ ችግሩን የልጅነት ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ አድርጎ ያየው ነበር፤ በ1980 ዋናው ነገር የትኩረት ማነስ ነው፣ መቅበጥበጥ ቢኖርም ባይኖርም ችግሩ ሊኖር ይችላል አለ፤ በ1987 ሁለቱን አጣምሮ አሁን የምናውቀውን ስያሜ ሰጠው፤ በ1994 በሦስት ከፈለው፤ በ2013 ደግሞ ምልክቶቹ ከሰባት ዓመት በፊት መታየት አለባቸው ይል የነበረውን ወደ አስራ ሁለት ዓመት ከፍ አደረገው። መስፈርት መሻሻሉ በራሱ ነውር አይደለም። ነገር ግን ድንበሩን የሚያሰምሩት ሰዎች መሆናቸውን፣ ድንበሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም ትናንት ጤነኛ የነበረ ልጅ ዛሬ በወዲያኛው ወገን ሊገኝ እንደሚችል ወላጅ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን እትም ያዘጋጀውን ቡድን የመሩት አለን ፍራንሰስ ራሳቸው በኋላ ምርመራው ከልክ በላይ መስፋቱን በአደባባይ ሲቃወሙ ቆይተዋል። መምህራንና ወላጆች ከሚሞሏቸው መጠይቆች ታዋቂውን ያዘጋጁት ኪት ኮነርስም በሕይወታቸው መጨረሻ ገደማ ተመሳሳይ ተቃውሞ አሰምተዋል። እነዚህ ሰዎች ጉዳዩን ከውጭ ሆነው የሚተቹ አልነበሩም።

መመሪያው በራሱ ልል ነው ማለቴ አይደለም። ለልጆች ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ ስድስቱ እንዲታዩ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር እንዲቆዩ፣ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቦታዎች ማለትም ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም እንዲታዩ፣ ኑሮውን እንዲያውኩና በሌላ ችግር የማይገለጹ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ጠባዩ ከልጁ የእድገት ደረጃ ጋር የማይመጣጠን መሆን እንዳለበት በግልጽ ይናገራል። ይህ ዓረፍተ ነገር ቢከበር ኖሮ የልደት ወር ባላስቸገረን ነበር። የማይከበርበት ምክንያት የተሰወረ አይደለም፤ መስፈርቱን በትክክል ለመከተል ከቤተሰቡ ጋር ረጅም ጊዜ መነጋገር፣ መምህሩን በአካል ወይም በስልክ ማግኘት፣ መስማቱን፣ ማየቱን፣ እንቅልፉን፣ ንባቡን መፈተሽ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በአንድ አጭር ቀጠሮ አይሠራም፤ የመድኃኒት ማዘዣ ግን በአንድ አጭር ቀጠሮ ይጻፋል።

ውጤቱም ይታያል። በአሜሪካ ወላጆች በሰጡት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2003 ከ4 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች 7.8 በመቶው በአንድ ወቅት ይህ ችግር አለባቸው ተብለው ነበር፤ በ2011 ቁጥሩ 11 በመቶ ደረሰ። በ2022 ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉት 11.4 በመቶ፣ ማለትም 7.1 ሚሊዮን ያህል ልጆች ሆነዋል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ግምገማ የችግሩን ስርጭት በዓለም ደረጃ 5 በመቶ አካባቢ አድርጎ ገምቶ ነበር። የመመዝገቢያው መንገድ ስለሚለያይ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ጥያቄ እንድናነሳ ያስገድዳል።

እዚህ ላይ ጥርጣሬው መቆም ያለበትን ቦታ ልናገር። ኤዲኤችዲ የፈጠራ ነው፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ያመጡት ስም ነው የሚለውን አባባል አልቀበልም። እንደዚህ የሚሉ ሰዎች እንዲህ ካለ ልጅ ጋር አንድ ሙሉ ቀን አላሳለፉም ብዬ አምናለሁ። የሚወደውን ጨዋታ እንኳ ጀምሮ መጨረስ የሚያቅተው፣ አደጋ ሳይታየው ወደ መንገድ የሚሮጥ፣ በሰዓታት ልቅሶና ጭቅጭቅ አንድ ገጽ የቤት ሥራ የማይጨርስ፣ ራሱን «ሰነፍ» እያለ የሚጠራ ልጅ አለ፤ ስቃዩ እውነተኛ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ችግሩ በአብዛኛው በዘር የሚወረስ መሆኑን ያመለክታሉ። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት ችግሩ ያለባቸው ሰዎች በተለይም በአደጋ ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በስዊድን ከ25,000 በላይ ታካሚዎችን የተከታተለው እ.ኤ.አ. የ2012 ጥናት ደግሞ፣ ወንዶቹ መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜ ወንጀል የመፈጸማቸው መጠን ከማይወስዱበት ጊዜ በ32 በመቶ ዝቅ ብሎ እንደነበረ መዝግቧል። እነዚህን ማስረጃዎች ዘሎ የሚያልፍ ተጠራጣሪ ታማኝ አይደለም።

ደግሞም ከመጠን ያለፈ ምርመራና የተጓደለ ምርመራ አብረው ይኖራሉ። በመስኮቱ በኩል እየተመለከተች ማንንም ሳትረብሽ ሐሳቧ የሚበተን ልጅ ለዓመታት ማንም ሳያያት ልትቀር ትችላለች፤ ክፍሉን የሚያውከው ወንድ ልጅ ግን በመጀመሪያው ወር ይታያል። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የአሜሪካ የ2022 መረጃ ችግሩ አሁን ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ መድኃኒት ሲወስዱ፣ ከሦስት አንድ የሚጠጉት ግን መድኃኒትም የጠባይ ሕክምናም አላገኙም። እርዳታው ለሚገባው ሳይደርስ ለማይገባው መድረሱ የአንድ ችግር ሁለት ገጽ ነው፤ ምንጩም ልጁን በቅርብና በጊዜ ብዛት አለማየት ነው።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 ቻርልስ ብራድሊ የተባሉ ሐኪም በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት በሚገኝ የልጆች ሕክምና ተቋም ቤንዘድሪን የተባለውን የአምፌታሚን ዓይነት ለልጆች ሰጥተው፣ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ላይ በትምህርታቸው አስገራሚ መሻሻል ማየታቸውን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1944 በስዊዘርላንዱ ሲባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሌአንድሮ ፓኒዞን ሜቲልፌኒዴት የተባለውን ውህድ ሠሩ፤ ከአስር ዓመት በኋላ ሪታሊን በሚል ስም ገበያ ላይ ዋለ። እነዚህ አነቃቂ መድኃኒቶች ናቸው፤ አነቃቂ ነገር ቅብጥብጥ ልጅን እንዴት ያረጋጋል የሚለው ጥያቄም ለብዙ ዘመን ሰዎችን ግራ ሲያጋባ ኖሯል። ከዚህ ግራ መጋባት የተወለደ አንድ የተሳሳተ እምነት እስከ ዛሬ በወላጆች ዘንድ አለ፤ «መድኃኒቱ ካረጋጋው ችግሩ ነበረበት ማለት ነው» የሚል።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣውና ጁዲት ራፖፖርት የመሩት ጥናት ይህን እምነት አፍርሶታል። ምንም ችግር የሌለባቸው ወንዶች ልጆች ዴክስትሮአምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት አንድ ጊዜ ሲሰጣቸው እነሱም እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ፣ ትኩረታቸውም ጨመረ። የራስ ምታት ማስታገሻ በረሃብ የመጣውንም፣ በዓይን ድካም የመጣውንም፣ ከበድ ባለ በሽታ የመጣውንም ራስ ምታት ሊያስታግስ ይችላል፤ መሻሉ የሕመሙን ምንጭ አይነግረንም። ልጁ በመድኃኒቱ ረግቶ መቀመጡም እንዲሁ ነው። ሆኖም ይህ መሻሻል በወላጅና በመምህር ዓይን ፊት ሲታይ ያለው ኃይል ቀላል አይደለም። ለወራት ስትጨነቅ የቆየች እናት በሦስተኛው ቀን «መምህር፣ ልጄ ሌላ ሰው ሆነ» ስትል የተሰጠው ስም ትክክል ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

መድኃኒቱ በአጭር ጊዜ ምልክቶቹን እንደሚቀንስ አልከራከርም። የረጅም ጊዜው ነገር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአሜሪካ ትልቅ ሙከራ 579 ልጆችን በአራት ቡድን ከፍሎ ለአስራ አራት ወር ተከታትሏል፤ አንዱ ቡድን በጥንቃቄ የተመጠነ መድኃኒት፣ ሁለተኛው የጠባይ ሕክምና፣ ሦስተኛው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያገኝ፣ አራተኛው በየአካባቢው የሚሰጠውን የተለመደ ሕክምና አገኘ። በዚያ ጊዜ ዋና ዋናዎቹን ምልክቶች በመቀነስ መድኃኒት ያለባቸው ሁለቱ ቡድኖች በልጠው ተገኙ። ይህ ውጤት በብዙ ቦታ ተሰማ። በሦስተኛው ዓመት ልጆቹ እንደገና ሲታዩ ግን በአራቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ነበር፤ በስምንተኛው ዓመትም አልተመለሰም። ከአስራ አራት ወሩ በኋላ ቤተሰቦቹ የፈለጉትን ሕክምና መከተላቸው ንጽጽሩን እንደሚያደበዝዘው መናገር ተገቢ ነው። ነገር ግን «ዛሬ ካልጀመረ ነገው ይበላሻል» ለሚለው ማስፈራሪያ ይህ ጥናት ድጋፍ አይሰጥም። በዚያው ጥናት መድኃኒቱን አዲስ ጀምረው ያለማቋረጥ የወሰዱት ልጆች በሦስት ዓመት ውስጥ ካልወሰዱት በ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ በቁመት፣ በ2.7 ኪሎ ግራም ገደማ በክብደት አንሰው ተገኝተዋል።

የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ግምገማ በሜቲልፌኒዴት ላይ የተደረጉ 185 ሙከራዎችን መርምሮ፣ መድኃኒቱ ምልክቶችን ሊያሻሽል እንደሚችል፣ ነገር ግን የማስረጃው ጥራት ዝቅተኛ በመሆኑ የጥቅሙን መጠን በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል፣ የእንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስም ከፍ ያለ መሆኑን ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም መድኃኒቱን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2021 የቀረቡትን ጥያቄዎች አልተቀበሉም።

በወረቀት ላይ «የምግብ ፍላጎት መቀነስ» ተብሎ በሦስት ቃል የሚጻፈው ነገር በክፍል ውስጥ ሲታይ መልክ አለው። ምሳ ዕቃው እንደተከደነ ወደ ቤት የሚመለስ ልጅ አለ፤ ጓደኞቹ ሲበሉ እሱ ክዳኑን ከፍቶ ተመልክቶ ይዘጋዋል። ጠዋት የጻፈው ጽሑፍ መስመሩን የጠበቀ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ግን ትንሽ ነገር ያስለቅሰዋል፣ እርሳሱ ሲሰበር ይቆጣል። መምህሩ የሚያየው የጠዋቱን ልጅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን፣ ማታም እንቅልፍ እምቢ ያለውን ልጅ የሚያየው ወላጅ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ለማን ጠቀመ የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደሚጠየቀው ሰው ይለያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ የማይጠየቀው ደግሞ ልጁ ራሱ ነው። አንዳንድ ልጆች መድኃኒቱን ሲወስዱ እንደማይጫወቱ፣ እንደማይስቁ በራሳቸው አንደበት ይናገራሉ፤ ሌሎች ደግሞ በመጨረሻ ማንበብ እንደቻሉ በደስታ ይናገራሉ። ሁለቱም መሰማት አለባቸው።

ወላጅን ለማሳመን በተደጋጋሚ የሚቀርበው ክርክር ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚለው ነው። አባባሉን አከብራለሁ፤ እንደ መምህርም ቶሎ መድረስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ። ነገር ግን ቶሎ መድረስ ማለት ቶሎ መድኃኒት ማስጀመር ማለት አይደለም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች መጀመሪያ የሚቀርበው በቡድን የሚሰጥ የወላጆች ሥልጠና ነው፤ ልዩ ልምድ ካለው ባለሙያ ሁለተኛ አስተያየት ሳይገኝ መድኃኒት እንዳይሰጣቸውም ይከለክላል። ከአምስት ዓመት በላይ ላሉትም በቅድሚያ የልጁ አካባቢ እንዲስተካከል፣ ያ ተደርጎና ውጤቱ ታይቶ ችግሩ አሁንም ኑሮውን ካወከ ብቻ መድኃኒት እንዲታሰብ ያዛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመሪያ ከስድስት ዓመት በታች ላሉት የወላጆችን የጠባይ አያያዝ ሥልጠና አስቀድሟል። ሥልጠናው ወላጁ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ልጅ ከሌሎች ልጆች የተለየ አያያዝ ስለሚፈልግ ነው። አጭር ትእዛዝ፣ ወዲያውኑ የሚሰጥ ምስጋና፣ የማይለዋወጥ የቀን ሥርዓት፣ በሥራ መካከል ተነስቶ የመንቀሳቀስ ፈቃድ ያስፈልጉታል። መድኃኒት ከመጻፍ ይልቅ ይህን ማቅረብ ጊዜና ሰው ይጠይቃል፤ በየቦታው የሚጎድለውም እሱ ነው።

ስም ከመስጠት በፊት መታየት ያለባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። በደንብ የማይሰማ ልጅ ሲጠሩት የማይመልስ «ቸልተኛ» ይመስላል። ማንበብ ከተፈጥሮ የሚከብደው ልጅ መጽሐፍ ሲከፈት መቀመጥ ያቅተዋል፤ በሒሳብ ሰዓት ግን ረግቶ ይሠራል፤ ማንም ሁለቱን ሰዓት ለይቶ ካላየው ሐሳበ ብትን ተብሎ ይቀራል። ትኩር ብሎ ለጥቂት ሰከንዶች ጭልጥ የሚልና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ የሚመለስ ልጅ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊኖረው ይችላል፤ ይህን የሚያሳየው የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ምርመራ ሲሆን ሕክምናውም ፈጽሞ የተለየ ነው። ቤቱ ውስጥ ሞት፣ ፍቺ ወይም ጠብ የገባበት ልጅ ልቡ አይሰበሰብም፤ ጥቃት የደረሰበት ልጅ በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ይላል። የደም ማነስም ልጅን ድካምና ብስጭት ውስጥ ይከተዋል።

ከሁሉ በላይ በተደጋጋሚ የሚረሳው እንቅልፍ ነው። አዋቂ እንቅልፍ ሲያጣ ያንቀላፋል፤ ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ ብዙ ጊዜ ይቅበጠበጣል። አንድ ጊዜ በክፍሌ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ጠዋት ጠዋት ሁሉን የሚነካ፣ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የሚወድቅ ልጅ ነበረ። እናቱን «ሌሊት እንዴት ይተኛልዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «መምህር፣ እንደ ትልቅ ሰው ያንኮራፋል፤ አንዳንዴም ትንፋሹ ቆም ሲል ደንግጬ እቀሰቅሰዋለሁ» አሉኝ። ይህን ለሐኪም ተናግረው አያውቁም ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም። ልጁ ወደ ጉሮሮ ሐኪም ተልኮ ቶንሲሉና ከአፍንጫው ጀርባ የነበረው እብጠት ወጣለት፤ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ሳየው ረጋ ያለ ልጅ ነበር። አንድ ልጅ ማስረጃ አይሆንም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በ464 ልጆች ላይ የተደረገ ሙከራ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው የሚቆራረጥ ልጆች እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ በትኩረት ፈተና ያገኙት ውጤት ብዙም ባይለወጥ እንኳ ወላጆችና መምህራን የሚያዩት ጠባያቸው መሻሻሉን አሳይቷል።

ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደሉም። ክፍሉ የታጨቀ፣ ዕረፍቱ ያጠረ፣ ፈተናው የበዛ ሲሆን ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ለረጅም ሰዓት ሳይነቃነቅ እንዲቀመጥ ይጠበቅበታል፤ ያልቻለው ልጅ ይመረመራል፣ ሰዓቱን ያወጣው ሰው ግን አይመረመርም። በአሜሪካ ጉዳዩ እስከ ሕግ ደርሷል፤ ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሻሻለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕግ፣ የትምህርት ቤት ሠራተኞች አንድ ልጅ ትምህርት ለመከታተል እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን እንዲወስድ በቅድመ ሁኔታ እንዳያስቀምጡ ከልክሏል። ሕግ ያስፈለገው የሚያስገድዱ ስለነበሩ ነው። የኩባንያዎቹ ጥቅምም አለ፤ አደራል ኤክስ አርን ጨምሮ በርካታ የኤዲኤችዲ መድኃኒቶችን ይሸጥ የነበረው ሻየር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 መድኃኒቶቹን ከተገቢው በላይ አሞግሶ አስተዋውቋል በሚል ለቀረበበት ክስ ለአሜሪካ መንግሥት 56.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ይህን የማነሳው ክርክሬን በገንዘብ ላይ ለመመሥረት አይደለም። ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ ወላጁም ለልጁ ቢያስቡ እንኳ፣ በዙሪያቸው ያለው ነገር ሁሉ ወደ ፈጣኑ መልስ እንደሚገፋ ለማስታወስ ነው።

ይህን የሚያነቡ፣ ልጃቸው መድኃኒት የሚወስድ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ በዚህ ጽሑፍ ተነሳስታችሁ በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታቋርጡ፤ መድኃኒቱ የጠቀመው ልጅ ካላችሁም አፍራችሁ የምትደብቁት ነገር የለም። ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያላችሁት ግን የመጠየቅ መብት አላችሁ። ልጁ የታየው በስንት ቦታ ነው? በዕድሜ እኩዮቹ የሆኑት እነማን ናቸው? መስማቱ፣ ማየቱ፣ ንባቡ፣ እንቅልፉ ታይቷል? መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት በክፍሉና በቤቱ ምን ተሞክሯል፣ ለምን ያህል ጊዜስ? መድኃኒት ከተጀመረ ደግሞ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ በየጊዜው መለካት አለባቸው፤ የናይስ መመሪያም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መድኃኒቱ አሁንም ያስፈልግ እንደሆነ እንዲመረመር፣ ሲቻልም በሐኪም ክትትል መቀነሱ ወይም ለጊዜው መቆሙ እንዲሞከር ይመክራል። የልጅ አንጎል በየዓመቱ ያድጋል፤ በሰባት ዓመቱ የታዘዘለት ነገር በአስራ አንድ ዓመቱ ማንም ሳይጠይቅ ሊቀጥል አይገባም። የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘው ወረቀት ለምን እንደታዘዘ፣ ምን ለውጥ እንደሚጠበቅና ውሳኔው መቼ እንደገና እንደሚታይ አብሮ ካልያዘ፣ ወላጅ እነዚህን ሦስቱን ጠይቆ ሳያስጽፍ ከሐኪሙ ክፍል እንዳይወጣ እመክራለሁ።